የ90 ቀን ደጅ ጥናት

በሜሪላንድ ግዛት ጃንዋሪ በገባ በሁለተኛው ረቡዕ 188 ሰዎች አናፖሊስ ከተማ ይሰበሰባሉ። 47ቱ ሴናተሮች፣ 141ዱ ዴሊጌቶች ናቸው። የሚሰበሰቡበት ስቴት ሐውስ፣ አሜሪካ ውስጥ ሳያቋርጥ የምክር ቤት ሥራ ከሚሠራባቸው የግዛት ሕንፃዎች ሁሉ አንጋፋው ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1783 የጦር አዛዥነቱን ያስረከበው እዚያው ውስጥ ነው። ከዚያች ረቡዕ ጀምሮ 90 ቀን ይቆጠራል። በ90ኛው ቀን እኩለ ሌሊት ያላለቀ ረቂቅ ሕግ ሁሉ አበቃለት፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ካልቀረበ በቀር የለም።

እኔ የምኖረው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ ተምሬ እዚህ ሶፍትዌር እየሠራሁ እኖራለሁ። ሥራዬ ስለ ዴድላይን አንድ ነገር አስተምሮኛል። ነገር የሚወሰነው በመጨረሻው ቀን ይመስላል እንጂ አብዛኛው የሚወሰነው መጀመሪያው ሳምንት ላይ፣ ማን ምን እንደሚሠራ ሲጻፍ ነው። ስለዚህ ስብሰባው በተከፈተ ሰሞን ከምርጫ ወረዳችን ተወካዮች አንዱ የሚልኩትን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አነባለሁ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚያ ደብዳቤ ነው።

አካሄዱ በየዓመቱ ያው ነው። ሰላምታ። ተወካዩ የትኛው ኮሚቴ ውስጥ እንዳሉ። ዘንድሮ የሚያቀርቧቸው ረቂቅ ሕጎች፣ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስት መስመር። ስለ በጀት አንድ አንቀጽ። መጨረሻ ላይ የቢሮው ስልክ፣ ቡና እየጠጡ ከነዋሪው ጋር የሚገናኙበት ቀን፣ እና የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ። ሕንፃው ደረጃ ላይ የተነሱት ፎቶም አይቀርም።

ጓደኞቼ አይከፍቱትም። አንዱ «ስፓም መስሎኝ» አለኝ። ሌላው «ገንዘብ ሊለምኑ ነዋ» አለ። የሁለተኛው እንኳን እውነትነት አለው፣ ግን ቀኑን ስቷል። የሜሪላንድ ሕግ በእነዚህ 90 ቀናት ውስጥ የምክር ቤት አባላት የምርጫ መዋጮ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ስለዚህ ከሁለተኛው ረቡዕ በፊት ባሉት ቀናት «ሳይዘጋ ድረሱ» የሚሉ ኢሜይሎች ይዘንባሉ፣ ረቡዕ ሲደርስ ፀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደብዳቤ ኪሳችሁን አይነካም። ይህንን ካወቅኩ ወዲህ የፖለቲከኛ ኢሜይል ሲመጣ መጀመሪያ የማየው የተላከበትን ቀን ነው።

እኛ አገር ተራ ሰው ከባለሥልጣን ጋር ያለው ግንኙነት የራሱ ስም አለው፤ ደጅ ጥናት። ጉዳይ ያለው ሰው ይሄዳል፣ ይቆማል፣ «ነገ ና» ይባላል፣ ነገም ይሄዳል። አያቴ በአንድ የመሬት ጉዳይ ስንት ወር እንደተመላለሱ ሲያወሩ እንደ ጀብዱ ነበር የሚያወሩት። የኛ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም እኮ መክፈቻ ቀን አለው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 ላይ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይላል። ፕሬዚዳንቱ ለሁለቱ ምክር ቤቶች ንግግር ያደርጋሉ፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ቤታችን ውስጥ ንግግሩን የሚከታተል ሰው ነበር፤ የወረዳችንን ተወካይ ስም የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። አንቀጽ 54 ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል። ስሙን የማታውቁትን ሰው እንዴት ታነሱታላችሁ?

ታዲያ ደብዳቤው ሲመጣ የሚገርመኝ ይዘቱ አይደለም። አቅጣጫው ነው። ደጅ የሚጠናው ሰው ተቀይሯል። የተመረጡት ሰው መጥተው «ይህን ልሠራ ነው፣ እስከዚህ ቀን ድረስ፣ ሐሳብ ካላችሁ በዚህ ስልክ» ይላሉ። ስለሚወዱኝ አይደለም፤ ወንበራቸው በየ4 ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባል። ቢሆንም መምጣታቸውን እወደዋለሁ።

እዚህ ላይ አክስቴ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ ጥያቄ አለ። «አንተ ዜጋ አይደለህ፣ አትመርጥ፣ ምን አገባህ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ለዜግነት የማመለክትበት ጊዜ ገና ነው። ግን የምርጫ ወረዳ የሚሠራው በመራጭ ቁጥር አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 ሬይኖልድስ እና ሲምስ በተከራከሩበት ጉዳይ የግዛት ምክር ቤት ወረዳዎች በሕዝብ ብዛት የተመጣጠኑ መሆን አለባቸው አለ። በ2016 ደግሞ በኤቨንዌል ጉዳይ፣ ወረዳ ሲከለል መራጩን ብቻ ሳይሆን ነዋሪውን በሙሉ መቁጠር እንደሚቻል አጸና። በ2020ው ቆጠራ ሜሪላንድ 6,177,224 ሰው ነበራት። ለ47 ወረዳ ሲካፈል ለአንዱ 131 ሺህ ገደማ ይደርሰዋል። ያ 131 ሺህ ውስጥ ሕፃኑም፣ ግሪን ካርድ ያለውም፣ በዲቪ የመጣውም አለበት። አንድ ሴናተር እና ሦስት ዴሊጌቶች አናፖሊስ የሚቀመጡት እኛም ተቆጥረን ነው። ጎረቤታችን ታኮማ ፓርክ እንዲያውም አንድ እርምጃ ሄዳ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማዋ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቅዳለች። በግዛቱ ምርጫ ይህ የለም። ግን ለተወካይ ለመጻፍ፣ ለኮሚቴ ቃል ለመስጠት ዜግነት የሚጠይቅ የለም።

አክስቴ ይህንን ሁሉ ሰምታ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብላ እንጀራዋን ማውጣት ቀጠለች። መክሰስ ማን አለ፣ መጠየቅ ነው ያልኩት። እሷ ግን ለሃያ ዓመት «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብላ ሠርታ፣ ቤት ገዝታ፣ ልጆች አስተምራለች። በምን አፌ ልከራከራት?

አሁን ወደ 2025 ልውሰዳችሁ፤ ደብዳቤው ለኔም ለእሷም የግል ጉዳይ የሆነው ያኔ ነው።

ስብሰባው ጃንዋሪ 8 ተከፈተ። ደብዳቤው ውስጥ ያለችው የበጀት አንቀጽ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጉድለት እንዳለ፣ ከባድ ውሳኔዎች እንደሚጠብቁ ትናገራለች። አራት ዓረፍተ ነገር ናት። እነዚያን አራት ዓረፍተ ነገሮች ደጋግሜ ያነበብኳቸው በአንድ ምክንያት ነው። የሜሪላንድ ሕገ መንግሥት የግዛቱ በጀት ሚዛኑን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። እንደ ፌዴራሉ ተበድሮ ማለፍ የለም። 3 ቢሊዮን ጎደለ ከተባለ፣ በ90 ቀን ውስጥ 3 ቢሊዮኑ ከአንድ ቦታ ይመጣል ማለት ነው። ከየት እንደሚመጣ ግን ደብዳቤው አይልም። አልደበቁም፤ በመጀመሪያው ሳምንት እሳቸውም አያውቁትም።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ረቂቅ መጣ። ንግድ ቤቶች እርስ በርስ በሚሸጡት አገልግሎት ላይ 2.5 በመቶ የሽያጭ ታክስ፤ ሒሳብ ሠራተኛው፣ አማካሪው፣ የኛም ሙያ አለበት። ብዙ የንግድ ሰው ተቃወመው። እኔም አንድ ገጽ ጻፍኩ። ከመደበኛ ሥራዬ ሌላ ለሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች የትዕዛዝ መቀበያ ድረ ገጽ እሠራለሁ፣ ደንበኞቼ ትንንሽ ናቸው፣ ቢቻል ለትንንሾቹ የተለየ ወለል ይኑረው የሚል ነው። የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍታችሁ፣ ኮሚቴው ሂሪንግ ከመቀመጡ በፊት በተባለው ሰዓት ተመዝግባችሁ፣ ጽሑፋችሁን በፒዲኤፍ ትሰቅላላችሁ። በአካል መናገር የፈለገም ተመዝግቦ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል። ሂደቱ ቀላል ነው። ከባንክ አካውንት መክፈት ይቀላል።

ከዚያ ማርች ላይ ነገሩ ተቀየረ። ሰፊው የአገልግሎት ታክስ ቀረና በምትኩ 3 በመቶ ታክስ መጣ፤ በዳታ፣ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ እና በሶፍትዌር አገልግሎት ላይ ብቻ። ሌላው ሙያ ወጣ፣ የኛ ቀረ። የገባውም አስተያየት የጻፍኩበት ረቂቅ ውስጥ አይደለም። ኤች ቢ 352 የሚባለው የበጀት ማስታረቂያ ረቂቅ ውስጥ ነው። ከዚያው ረቂቅ ጋር ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ገቢ ባላቸው ሰዎች ላይ የገቢ ግብርም ጨመረ። ስብሰባው ኤፕሪል 7 ተዘጋ፣ ገዥው ዌስ ሙር ፈረሙ፣ ጁላይ 1 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድ እንጀራ ቤት የ1,000 ዶላር ሥራ ስሠራ ደረሰኙ ላይ 30 ዶላር የሚል አዲስ መስመር አለ።

በ30 ዶላር ማንም አይሞትም። ጉድለቱ የሆነ ቦታ መሞላት ነበረበት፣ ሙያችንም ከሌላው የተሻለ ይከፍላል። ሊያስቆጣኝ የሚገባ ነገር አልነበረም። ይልቅ የገረመኝ መንገዱ ነው። በጃንዋሪ ደብዳቤ ውስጥ «3 ቢሊዮን» የነበረች ቁጥር፣ በጁላይ እኔ ደረሰኝ ላይ «30» ሆና ደረሰች። በመሐል ብዙ በር ነበር፤ አንዳንዱ ክፍት፣ አንዳንዱ ሳይታይ የተዘጋ።

አክስቴ ጋ ደግሞ ያው ጉድለት በሌላ በር ገባ። እሷ ቤቷ ውስጥ ሕፃናት ታውላለች፤ ፈቃድ ያላት የቤት ሕፃናት ማቆያ ናት፣ እስከ 8 ልጅ። ከእናቶቹ ግማሾቹ ነርስ ረዳት ናቸው፣ ግማሾቹ ሆቴል ይሠራሉ። ክፍያቸውን የሚደጉምላቸው የግዛቱ የሕፃናት ማቆያ ስኮላርሺፕ ነው። ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ወጪውን ለመቆጣጠር ሲባል አዳዲስ ቤተሰቦችን መቀበል ቆመ፣ ስም እየተጻፈ ወረፋ መጠበቅ ሆነ። የነበሩት ልጆች ቀጠሉ። ግን ልጅ ያድጋል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ይሄዳል። በሴፕቴምበር ሁለት ልጆች ሄዱ፣ ሁለት ወንበር ባዶ ቀረ። የሚፈልጉ እናቶች ይደውላሉ፤ «ወረፋ ላይ ነኝ እትዬ» ይሏታል። አንዷ ልጇን ለማንም የምትሰጠው ስታጣ የማታ ፈረቃዋን ለቀቀች።

አክስቴ ያኔ ነው «ያ ደብዳቤህ ላይ ይሄ ነበር እንዴ?» ያለችኝ።

አልነበረም። ግን ሥሩ ነበር። አብረን ተቀምጠን ደብዳቤውን እንደገና ከፈትንና በአማርኛ አነበብኩላት። ከዚያ ቀን ወዲህ የያዝኩትን የአነባበብ ዘዴ ላካፍላችሁ፤ ሜሪላንድ ባትኖሩም የምትኖሩበት ግዛት ተመሳሳይ ነገር አለው።

አንደኛ፣ የኮሚቴውን ስም ያዙ። በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ ረቂቅ ይቀርባል፣ ከግማሽ የሚበልጠው ሕግ ሳይሆን ይቀራል፣ አብዛኛው የሚቀረው ደግሞ ኮሚቴ ውስጥ ነው። ተወካያችሁ የበጀት ኮሚቴ ውስጥ ካሉና ጉዳያችሁ የገንዘብ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ካልሆኑም የማንን ስም መፈለግ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛ፣ ቁጥር ሲጠራ «ማን ይሞላዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ደብዳቤ ስለ ጉድለት በቁጥር ያወራል፣ ስለ መፍትሔ ግን «ኃላፊነት የተሞላበት»፣ «ሚዛናዊ» በሚሉ ቃላት። ያ ለስላሳ ቃል ያለበት ቦታ ገና ያልተወሰነበት ቦታ ነው። ያልተወሰነ ነገር ላይ ነው ደግሞ ሰው የሚሰማው።

ሦስተኛ፣ ቀኖቹን ካሌንደር ላይ አስገቡ። በሜሪላንድ በ69ኛው ቀን አካባቢ አንዱ ምክር ቤት ያሳለፈውን ወደ ሌላኛው ማሻገር አለበት፤ ያልተሻገረ ረቂቅ ዕድሉ ይጠባል። በጀቱ በ83ኛው ቀን ማለቅ አለበት። ቀደም ሲል ምክር ቤቱ ገዥው ካቀረቡት በጀት መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም ነበር፤ በ2020 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት፣ ከገዥው ጠቅላላ ድምር ሳይወጣ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዘዋወር እንዲችል ተደርጓል። ስለዚህ አሁን «ከዚህ ቀንሳችሁ እዚህ ጨምሩ» ማለት ትርጉም አለው፤ ዱሮ አልነበረውም።

አራተኛ፣ መጨረሻውን አትዝለሉት። ስኮላርሺፑ ያለው እዚያ ነው። የሜሪላንድ ሴናተሮችና ዴሊጌቶች ለወረዳቸው ነዋሪ ተማሪዎች የሚሰጡት የትምህርት ገንዘብ አላቸው፣ እያንዳንዱ አባል የራሱን ማመልከቻና የመጨረሻ ቀን ያወጣል። ስንት የሐበሻ ልጅ ኮሌጅ ሊገባ ብድር ሲፈርም አይቻለሁ፣ ይህች ማስታወቂያ እናቱ ኢሜይል ውስጥ ሳትከፈት ተቀምጣ።

የ2026 ስብሰባ ጃንዋሪ 14 ተከፈተ፤ ደብዳቤውም መጣ። ዘንድሮም ጉድለት አለ፣ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ። ዘንድሮ ደግሞ 188ቱም ወንበሮች ኖቬምበር ላይ ለምርጫ ይቀርባሉ፣ ስለዚህ ደብዳቤው ትንሽ ሞቅ ብሏል፤ ፎቶውም ሦስት ሆኗል። አክስቴ ሳልጠራት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷ ዜጋ ናት፣ ትመርጣለች፣ ግን የዴሊጌቶቹን ስም ያወቀችው ያን ዕለት ነው። ስለ ሕፃናት ማቆያ ምን ይላል አለችኝ። አንድ መስመር፤ «ቤተሰቦችን መደገፋችንን እንቀጥላለን»።

«ይሄማ ሰላምታ ነው» አለች።

ከዚያ «ጻፍልኝ» አለችኝ። እሷ በአማርኛ ትላለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ላሳምራት ስሞክር ከለከለችኝ። «እኔ ያልኩትን ብቻ ጻፍ፣ የጠበቃ አታስመስለው።» ስድስት ዓረፍተ ነገር ሆነ። ፈቃድ አለኝ። 8 ልጅ መያዝ እችላለሁ። 6 ልጅ ነው ያለኝ። ለሁለቱ ወንበር የሚፈልጉ እናቶች አሉ፣ ወረፋ ላይ ናቸው። አንዷ በዚህ ምክንያት ሥራ ለቃለች። ወረፋው መቼ እንደሚከፈት ንገሩኝ።

በሦስተኛው ቀን ከቢሮው ሠራተኞች አንዷ ደወለች። ወረፋው መቼ እንደሚከፈት መልስ አልነበራትም፤ ይህንንም ሳትሸፋፍን ተናገረች። ግን ጠየቀች። ስንት ዓመት እንደሠራች፣ ወላጆቹ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠሩ፣ ባዶ ወንበር ያላቸው ሌሎች የምታውቃቸው እንዳሉ። አክስቴ ስልኩን በስፒከር አድርጋ፣ በራሷ እንግሊዝኛ፣ ለአሥራ አምስት ደቂቃ አወራች። አንድም ቃል አላስተረጎመችኝም። ሲጨርሱ ሠራተኛዋ የበጀቱ ሂሪንግ ቀን ሲታወቅ እንደምትልክላት ነገረቻት።

ምን እንደሚገኝ አላውቅም። አንድ ቢሊዮን የጎደለው ግዛት ለአክስቴ ሁለት ወንበር ብሎ በጀት አይለውጥም። ግን እሷ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ያደረገችውን ልንገራችሁ። እንደሷ ሕፃናት የሚያውሉትን ሴቶች ስልክ አንድ በአንድ መደወል ጀመረች። «አንቺ ጋ ስንት ባዶ አለ?» ትላለች፣ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። እስከ ማታ አራት ስም ነበራት፣ ከነባዶ ወንበራቸው ቁጥር። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ፣ ከእድሯ መዋጮ ካርድ ጎን ተለጥፏል። ከላይ ቀኑን ጽፋበታለች፤ ስንት ቀን እንደቀረም።